ኢሲጂው ምን ይላል? የአንባቢያን ጥያቄና የሐኪሟ መልስ

በዚህ ዕትም ስለ ኢሲጂ፣ የልብን የኤሌክትሪክ ምት በወረቀት ላይ ስለሚጽፈው ምርመራ፣ ከጻፋችሁልኝ መካከል ጥቂቱን መርጫለሁ። ብዙዎቻችሁ የወረቀቱን ፎቶ አያይዛችኋል። ፎቶ አይቼ ብቻ «በሽታዎ ይህ ነው» አልልም፤ ሰውየውን ሳላይ፣ ደረቱን ሳላዳምጥ የምሰጠው ቃል ለማንም አይበጅም። ወረቀቱ ላይ ምን ምን እንደሚታይ፣ የቱ እንደሚያስቸኩልና የቱ እንደማያስፈራ ግን በደንብ አስረዳለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ የጸሐፊዎቹን ስም አስቀርቻለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን አሉ? ሪያድ ነው የምሠራው። እናቴ ደሴ ናት፣ 52 ዓመቷ ነው። ከዓመት ወዲህ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ሆስፒታል ኢሲጂና ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሠርተውላት «የልብ ምትሽ ተዛብቷል፣ የልብሽ በር ጠቧል» አሏትና ዋርፋሪን ጀመሩላት። አሁን «ደሜን ጨረሰው፣ አደከመኝ» ብላ ልታቆመው ነው። ጸበል ለመግባትም አስባለች። ወንድሜ ወረቀቱን በቴሌግራም ልኮልኝ አየሁት፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ምን ልበላት?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉም ደብዳቤ የአንቺን ያስቀደምኩት ስለሚያስቸኩል ነው። መጀመሪያ ደውዪና እናትሽ ዋርፋሪኑን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ኪኒን፣ እንዳያቆሙ ንገሪያቸው፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ አንብቢው።

ሐኪሞቹ ያገኙት የምት መዛባት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። ጤነኛ ልብ ውስጥ እያንዳንዱ ምት የሚነሣው ከቀኙ የላይኛ ክፍል ነው። ይህ ጅማሬ ኢሲጂው ላይ ትንሽ ጉብታ ሆኖ ይታያል፤ ፒ እንለዋለን። ቀጥሎ ረጅሙ ሹል ይመጣል፣ ኪውአርኤስ ማለት ነው፤ የታችኞቹ ትልልቅ ክፍሎች ደሙን የሚገፉበት ጊዜ ነው። በመጨረሻ ልቡ ለሚቀጥለው ምት ሲዘጋጅ ሰፋ ያለ ጉብታ ይወጣል፤ እሱን ቲ እንለዋለን። በዚህ ሕመም ጊዜ ፒ ይጠፋል። የላይኞቹ ክፍሎች በሥርዓት መጨመቃቸውን ትተው ይርገበገባሉ፤ አንቺ ያየሽው የሚንቀጠቀጥ መስመር ይኸው ነው። ሹሎቹም አንዴ ተቀራርበው፣ አንዴ ተራርቀው ይወጣሉ፤ ምንም ሥርዓት አይገኝላቸውም። ወንድምሽ ሁለት ጣቱን በእናታችሁ የእጅ አንጓ ላይ፣ ከአውራ ጣት በኩል አሳርፎ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቢያዳምጥ ያለ ማሽንም ያገኘዋል።

የሚያስፈራኝ ምቱ መዛባቱ ብቻ አይደለም። የሚርገበገብ ክፍል ደሙን አሟጦ አይገፋም። ደሙ በተለይ በግራው የላይኛ ክፍል ጥግ ባለችው ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይተኛል፤ የተኛ ደም ደግሞ ይረጋል። የረጋው ቁራሽ ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። ይህ የምት መዛባት ብቻውን የስትሮክን ዕድል አምስት እጥፍ ያህል ያደርሰዋል፤ የልብ በር ጥበት ሲታከልበት ከዚያም እጅግ ይብሳል። በአገራችን ጥበቱ ባብዛኛው ከልጅነት ቶንሲል የሚመጣ ነው። ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ከሳምንታት በኋላ መገጣጠሚያን እያፈራረቀ የሚያሳብጥ ትኩሳት ያመጣል፤ ትኩሳቱ ያልፋል፣ የልብ በሩ ላይ የተወው ጠባሳ ግን ከዓመት ዓመት ይጠነክራል። አውሮፓና አሜሪካ ባብዛኛው የአዛውንቶች የሆነውን የምት መዛባት እኛ ገና ልጅ በሚያሳድጉ እናቶች ላይ የምናየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ብዙውን ጊዜ በፔኒሲሊን ሊቀር ይችል የነበረ ነገር ነውና።

ሪያድ ያሉ ሰዎች «አዲሱን፣ የደም ምርመራ የማይፈልገውን ኪኒን ግዢላት» ይሉሽ ይሆናል። ለእናትሽ ዓይነት ሕመም አይሆንም። ኢንቪክተስ የተባለውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ትልቅ ጥናት ቶንሲል ልባቸውን የጎዳቸውንና ይህ የምት መዛባት ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሎ ነበር፤ የቀድሞውን የዋርፋሪን ዓይነት መድኃኒት የወሰዱት ከአዲሶቹ አንዱ የሆነውን ሪቫሮክሳባን ከወሰዱት ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በልጦ ተገኝቷል። የመድማት አደጋቸውም አልጨመረም።

ዋርፋሪን ደም አይጨርስም፤ ደሙ የሚረጋበትን ፍጥነት ነው የሚቀንሰው። ድካሙ ከበሩ ጥበትና ከምቱ መፍጠን ሳይመጣ አይቀርም፤ ይህንን ለሐኪማቸው ይንገሩ፣ ምቱን የሚያረጋጋ መድኃኒት መጠኑ መስተካከል ሊኖርበት ይችላል። መቆጣጠሪያው አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። ኪኒኑን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ለምሳሌ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይዋጡት፤ ማታ ከሆነ ጾምም አያደናቅፈውም። ጎመን የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል። ጎመን አይከለከሉም፣ ግን ሁዳዴ ሲገባ በየቀኑ ጎመን፣ ሲፈታ ጭራሽ መተው አይኤንአሩን ያወዛውዘዋል፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ተቀራራቢ ይሁን። ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይግዙ። ፍላጅል ወይም ባክትሪም ከታዘዘላቸው «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ይበሉ፤ ሁለቱም ጉልበቱን ያንሩታል። ድድ ሲደማ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር፣ ያልተለመደ ራስ ምታት ሲመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

ስለ ጸበሉ፦ ይግቡ፣ ይጠመቁ። ኪኒናቸውን ግን በቦርሳቸው ይዘው ይግቡ፣ የአይኤንአር ቀጠሯቸውም አይለፍ። ከእምነታቸው ጋር አትከራከሪ፤ ጸበሉንም ኪኒኑንም ይዘው የሚኖሩ ብዙ እናቶችን አክማለሁ።

ጥያቄ፦ በአንድ ወረዳ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምሠራ ነርስ ነኝ። የኢሲጂ ማሽን በቅርቡ መጣልን። ማታ ተረኛ ስሆን ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሊሆን ይችላል። ማሽኑ ራሱ ከላይ በእንግሊዝኛ ውጤት ይጽፋል፤ እሱን አምኜ እስኪወጣ ልጠብቅ? ሮጬ የምጠራበት ወረቀት የቱ ነው?

መልስ፦ ሲስተር፣ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ማሽኑ ርቀት በመለካትና በመቁጠር ጎበዝ ነው፤ ከላይ የሚጽፈው ዓረፍተ ነገር ግን ግምት ነው። ማሽኑ «ኖርማል» ብሎ ሰውየው ካላበው፣ ሰውየውን እመኚ።

ከንባቡ በፊት አነሣሡ ይስተካከል። ከማየው ስሕተት የሚበዛው ከዚህ ነው። አሥሩ ኤሌክትሮዶች ልቡን ከአሥራ ሁለት አቅጣጫ ያሳዩናል፣ እያንዳንዱን አቅጣጫ ሊድ እንለዋለን፤ አንድን ቤት እየዞሩ በየመስኮቱ እንደማየት ነው። ኤሌክትሮዱ ቦታውን ከሳተ የምናየው የሌላ ክፍል መስኮት ይሆናል። ደረት ላይ ከሚለጠፉት መካከል ቪ1 እና ቪ2 ከደረት አጥንቱ ቀኝና ግራ፣ አራተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት ላይ ናቸው፤ በጥድፊያ ሁልጊዜ ከፍ ተደርገው ይለጠፋሉ። ክፍተቱን በዓይን አትገምቺ፣ በጣት እየዳሰስሽ ቁጠሪ። ቪ4 አምስተኛው ክፍተት ላይ፣ ከማጅራት አጥንት ሳይሆን ከፊት ካለው የአንገት አጥንት መካከል ቀጥታ ወደ ታች ነው፤ በሴቶች ከጡት ሥር እንጂ ጡት ላይ አይደለም። እናቶች ደረታቸውን መግለጥ ይከብዳቸዋል፤ ነጠላቸውን ደርበሽላቸው ከሥር ሥሪ። ላብ ጥረጊ። ብርድ የያዘው ሰው ሲንቀጠቀጥ መስመሩም አብሮ ይንቀጠቀጥና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይመስላል፤ ብርድ ልብስ አልብሰሽ ድገሚ። ጄል ካለቀ በጨው ውሃ የራሰ ጥጥ ይሠራል። መሣሪያውን የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሆላንዳዊው ዊለም አይንትሆቨንም በሽተኞቹን የሚመዘግበው እጅና እግራቸውን በጨው ውሃ ዕቃ ውስጥ አስነክሮ ነበር። ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ የሚሉትን ፊደሎች የሰጠንም እሱ ነው።

ወረቀቱ ሲወጣ ሊድ አንድንና ኤቪአር የተባለውን ሊድ ተመልከቺ። ሊድ አንድ ላይ ሁሉም ነገር ወደ ታች፣ ኤቪአር ላይ ወደ ላይ ከሆነ የቀኝና የግራ እጅ ገመዶች ሳይቀያየሩ አልቀሩም። አስተካክለሽ ድገሚ። ከዚያ በእስክሪብቶ ስም፣ ዕድሜ፣ ሰዓቱንና ሕመምተኛው በዚያች ሰዓት የሚለውን ጻፊበት፤ «ደረቴ እየጠበቀኝ ነው» የሚል አንድ መስመር ለሚያነበው ሐኪም ትልቅ እርዳታ ነው።

አሁን ቁጠሪ። ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ ትንሿ ካሬ 0.04፣ ትልቋ 0.2 ሰከንድ ናት። በሁለት ሹሎች መካከል ያሉትን ትልልቅ ካሬዎች ቆጥረሽ 300ን አካፍዪበት፦ 4 ከሆኑ 75፣ 2 ከሆኑ 150፣ 8 ከሆኑ 38 ያህል። ምቱ ከተዛባ በ30 ትልልቅ ካሬዎች ውስጥ ያሉትን ሹሎች ቆጥረሽ በ10 አባዢ። ከእያንዳንዱ ሹል በፊት ፒ አለ ወይ? ከፒ መነሻ እስከ ሹሉ መነሻ ከ3 እስከ 5 ትንንሽ ካሬ ነው ወይ? ሹሉ ራሱ ከ3 ትንንሽ ካሬ ይጠባል ወይ?

ሐኪሙን የምትጠሪባቸው እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ምቱ 30ዎቹ ወይም 40ዎቹ ውስጥ ሆኖ ፒዎቹ በራሳቸው ርቀት፣ ሹሎቹም በራሳቸው ርቀት የሚሄዱ ከሆነ፣ ከልቡ የላይኛ ክፍሎች ወደ ታችኞቹ የሚወርደው የኤሌክትሪክ መንገድ ሙሉ በሙሉ ተቋርጧል። ሰውየው ብዙ ጊዜ ራሱን ስቶ የመጣ ነው የሚሆነው። ምትን የሚያዘገዩትን አቴኖሎል ወይም ዲጎክሲን ይወስድ እንደሆነ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ መጨረሻቸው ፔስሜከር (ምትን የሚያስጀምር፣ ደረት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ) ነው፣ ሪፈሩ ለነገ አይቆይም።

ሁለተኛ፣ ፈጣንና ሰፊ ሹል። ከ3 ትንንሽ ካሬ የሰፋና ከ120 በላይ የሚሮጥ ከሆነ፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ከታችኛው ክፍል የተነሣ አደገኛ ምት አድርገሽ ያዢው። ሕመምተኛው ተቀምጦ ቢያወራሽም አትዘናጊ። ምት የሚያዘገየው ቬራፓሚል እንዳይሰጠው፤ ግፊቱ ከወረደ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ሾክ ነው።

የኩላሊት ሕመምተኞችንና ስፓይሮኖላክቶን ከኢናላፕሪል ጋር የሚወስዱትን ለብቻ ተመልከቺ። ቲው ረዝሞ፣ ሥሩ ጠብቦ እንደ ድንኳን ጫፍ ከሾለ ፖታሲየሙ ሽቅብ ወጥቷል። ሹሉ መስፋት ከጀመረማ የላቦራቶሪ ውጤት አይጠበቅም፤ ካልሲየም ግሉኮኔት አዘጋጅተሽ ጥሪ። ይህን በተለይ አሰምሪበት፤ በደቂቃዎች ውስጥ መስመሩ ሲመለስ በዓይንሽ ታዪዋለሽ፣ ሰውም ይተርፋል።

ከሹሉ በኋላ ያለው መስመር፣ ኤስቲ የምንለው፣ በሁለት ጎረቤት ሊዶች ላይ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ካለና ደረቱ የሚያመው ከሆነ የልብ ደም ቧንቧ ተዘግቷል ብለሽ ተነሺ። ቪ2 እና ቪ3 ላይ በወንዶች 2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ለአስፕሪን አለርጂ ከሌለውና ካልደማ 300 ሚሊ ግራም አኝኮ ይዋጥ። ደረቱን አመመኝ ብሎ የመጣ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ሊነሣ ይገባል፤ ካርድ እስኪያወጣ አይጠበቅም።

ሌሎች ሁለት ነገሮችም አሉ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታከሙ ሰዎች ከሚወስዱት ቤዳኩዊሊን፣ ሞክሲፍሎክሳሲንና ክሎፋዚሚን የተነሣ ኪውቲ፣ ከሹሉ መነሻ እስከ ቲ መጨረሻ ያለው ርቀት፣ ይረዝምባቸዋል፤ ለምቱ ፍጥነት የታረመው ቁጥር ከ500 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ቀጣዩን መጠን ሳትሰጪ ለሐኪሙ ንገሪ። ሹሎቹ ሁሉ አጥረው ካየሽና የአንገት ደም ሥሩ ከተወጠረ ደግሞ በልብ ዙሪያ ውሃ ይኖራል ብለሽ አስቢ፤ በእኛ አገር መነሻው ብዙ ጊዜ ቲቢ ነው።

ጥያቄ፦ 24 ዓመቴ ነው፣ ሐዋሳ ነኝ፣ እግር ኳስ እጫወታለሁ። ለሥራ ቅጥር ምርመራ ኢሲጂ ተነሣሁ። ከላይ «የቆየ የልብ ጡንቻ ጉዳት ሊሆን ይችላል» የሚል ተጽፎበታል፣ የልብ ምት 48 ይላል። አሞኝ አያውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጽሑፍ ይዘው ፊታቸው አመድ መስሎ የሚመጡ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ለነርሷ የጻፍኩትን አንብብ፦ ቪ1 እና ቪ2 አንድ ክፍተት ከፍ ብለው ሲለጠፉ የመጀመሪያዋ ትንሽ ሹል ትጠፋለች፤ ማሽኑም እዚያ ያለው ጡንቻ የሞተ ይመስለዋል። ኤሌክትሮዶቹ በትክክለኛ ቦታቸው ሆነው ድጋሚ ተነሣ። ብዙውን ጊዜ ጽሑፉ ይጠፋል።

48 ምትህ የሯጭና የኳስ ተጫዋች ምት ነው። ልምምድ የሚያዘወትር ሰው ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚገፋ ዕረፍት ላይ ቀስ ይላል። በወጣት ወንዶች፣ በተለይ በጥቁሮች ላይ ደግሞ ኤስቲው በቪ2 እስከ ቪ4 ድረስ ትንሽ ከፍ ብሎ መታየቱ የተለመደ ነው፤ ደረቱን ለማያመው ጤነኛ ልጅ ይህ የልብ ድንገተኛ ሕመም አይደለም።

አንድ ነገር ግን ጠይቄህ ልለፍ፣ በእውነት መልስልኝ። እየሮጥክ ሳለህ ራስህን ስተህ ወድቀህ ታውቃለህ? ከቤተሰብህ ከ40 ዓመት በታች ሆኖ በድንገት የሞተ አለ? ቲው በቪ5 እና ቪ6 ላይ ወደ ታች ጠልቋል? ከሦስቱ አንዱ እንኳ አዎ ከሆነ ኢኮ እስክትታይ ድረስ ጨዋታውን አቁም፤ የልብ ጡንቻ በዘር መወፈር እንዲህ ነው የሚገኘው። ሦስቱም የለም ከሆነ ኢሲጂውን አስደግምና ተኛ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 56 ዓመቱ ነው፣ ስኳር አለበት፣ አዳማ ታክሲ ይነዳል። አንድ ማታ ከደረቱ ሥር አቃጠለው፣ አስመለሰው፣ አላበው። ክሊኒክ ወሰድነው፣ ኢሲጂ አንሥተው «ምንም የለም፣ ጨጓራ ነው» ብለው ኦሜፕራዞል ሰጡት። በማግስቱ ባሰበት፤ ሌላ ሆስፒታል «የልብ ደም ቧንቧ ተዘግቷል» አሉን። አሁን ወጥቷል፣ መድኃኒት ላይ ነው። የመጀመሪያው ኢሲጂ ውሸት ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር እንኳን አተረፈልዎት። ወረቀቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። አንድ ኢሲጂ የሚይዘው የ10 ሰከንድ ያህል ታሪክ ነው። ቧንቧው ገና እየጠበበ ሲሆን፣ ወይም ተዘግቶ ሲከፈት በተነሣ ጊዜ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ትክክለኛው አሠራር ሰውየውን ወደ ቤት ሳይሰዱ በየ15 እና በየ30 ደቂቃው እየደገሙ ማንሣት ነው፣ ትሮፖኒን የሚባለውንም የደም ምርመራ ከሰዓታት በኋላ መድገም፤ ትሮፖኒንም ከጅምሩ አይነሣምና። «ኢሲጂው ደህና ነው» የሚለው ቃል ደረቱ እያመመው ላለ ሰው የመሸኛ ወረቀት መሆን የለበትም። ይህን ደጋግሜ እጽፋለሁ፤ አሁንም ሰዎች እየሞቱበት ነው።

ጨጓራ የመሰለበትም ምክንያት አለ። የልብ የታችኛው ግድግዳ የተቀመጠው ደረትንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ፣ በዲያፍራሙ ላይ፣ ከሆድ በላይ ነው። እዚያ ያለው ጡንቻ ደም ሲያጣ የሚያመው ከደረት ሥር ነው፣ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፣ ምቱም ይዘገያል። ወረቀቱ ላይ ሊድ ሁለት፣ ሊድ ሦስትና ኤቪኤፍ ከፍ ሲሉ፣ ከፊት ለፊታቸው ያለው ኤቪኤል ይወርዳል። አንዳንዴ የኤቪኤል መውረድ ቀድሞ ስለሚመጣ አንባቢው ዓይኑን እዚያ መጣል አለበት። የስኳር ሕመምተኞች ደግሞ ነርቫቸው ስለሚደክም ሕመሙ ደንገዝ ብሎ ነው የሚሰማቸው፤ ጭራሽ የማያማቸውም አሉ።

ከአሁን በኋላ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ፣ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው «ጨጓራዬ ተነሣ» ብሎ ካላበው፣ ጨጓራ ነው የሚለውን የመጨረሻ ግምት አድርጉት። ባለቤትዎ የሚወስደውን አስፕሪንና የኮሌስትሮል መድኃኒት «ተሽሎኛል» ብሎ እንዳያቆም ይጠብቁት። ሲጋራ ካለ ዛሬ ይቁም። ከሆስፒታል ሲወጣ የተነሣውን ኢሲጂ ደግሞ ኮፒ አስደርገው አንዱን በታክሲው ሰነድ መያዣ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሌላ ቀን ደረቱን ቢያመው አዲሱን ከዚያ ጋር ማስተያየት ሰዓታት ያተርፋል።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው፣ ባሕር ዳር ተማሪ ነኝ። ቁጭ ብዬ እያጠናሁ ልቤ በድንገት መሮጥ ይጀምራል፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሞ በድንገት ቀጥ ይላል። ሄጄ ስታይ ሁሉም ነገር ደህና ነው፣ «ጭንቀት ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ «በድንገት ይጀምራል፣ በድንገት ይቆማል» ያልሽው ለእኔ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። የጭንቀት ምት ቀስ እያለ ይወጣል፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። እንዳንቺ ያለው ብዙ ጊዜ ከላይኛው ክፍል ተነሥቶ በተጨማሪ መንገድ የሚዞር የኤሌክትሪክ ዑደት ነው፤ በደቂቃ ከ150 እስከ 220 ይመታል፣ ሹሎቹ ጠባብና እኩል የተራራቁ ናቸው፣ ፒ አይታይም። ሲያልፍ ወረቀቱ ንጹሕ ይሆናል፤ ስለዚህ ነው ምንም የማያገኙብሽ። አንዳንድ ሰዎች ላይ ግን በዕረፍትም ምልክት ይኖራል፦ ከፒ እስከ ሹል ያለው ርቀት ከ3 ትንንሽ ካሬ ያንሳል፣ የሹሉም መነሻ ቀጥ ብሎ ከመውጣት ይልቅ ተንሸራትቶ ይወጣል። ያለፈውን ኢሲጂሽን ይዘሽ ሄደሽ ሐኪም ይህን እንዲያይልሽ ጠይቂ። ካለብሽ ሳይውል ሳያድር ወደ ልብ ሐኪም ትመሪያለሽ፤ ለሚያክምሽ ሁሉም ትናገሪያለሽ፣ አንዳንድ የምት መድኃኒቶች ለአንቺ አደገኛ ይሆናሉና።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲጀምርሽ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂ፣ ብቻሽን ግን አትሂጂ፤ በር ላይ «አሁን እየሮጠ ነው፣ ሳይቆም ኢሲጂ አንሡኝ» በይ። ያች ወረቀት መልስሽ ናት። እዚያ ያሉት ሰዎች መጀመሪያ ሊሞክሩት የሚገባ ቀላል ዘዴ አለ፦ ጋደም ብለሽ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ጫፍ በአፍሽ ይዘሽ መግፊያው እስኪነቃነቅ ለ15 ሰከንድ ትነፊያለሽ፤ ወዲያው በጀርባሽ ያስተኙሽና እግርሽን ለ15 ሰከንድ ሽቅብ ያነሡልሻል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት ይህ አሠራር ከ100 ሰው 43ቱን መልሷል፣ የተለመደው መንፋት ብቻውን ግን 17ቱን። ደረትሽን ካመመሽ ወይም ዓይንሽ ከጨለመ ምንም ሳትሞክሪ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ጫትና ኃይል ሰጪ የሚባሉትን መጠጦች ለፈተና ጥናት ብለሽ እንዳትነኪ።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ ነው። ለአባቴ የእጅ ሰዓት ገዛሁላቸው፣ ኢሲጂ የሚያነሣ። ደረታቸውን ባመማቸው ቁጥር ሰዓቱን አይተው «ደህና ነኝ» ይላሉ።

መልስ፦ ሰዓቱ የሚያየው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን በመጠቆም ይረዳል፣ የጠቆመውንም በአሥራ ሁለቱ ሊድ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የልብ ደም ቧንቧ መዘጋትን ግን አይለይም። ዛሬውኑ ይንገሯቸው፦ ደረት ካመመ ሰዓት አይታይም፣ 911 ይደወላል።

ጥያቄ፦ ጅማ ነኝ፣ 67 ዓመቴ ነው፣ የግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት የተነሣሁትን ኢሲጂ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጌ አስቀምጬው ነበር። አሁን ሳወጣው ነጭ ሆኗል። ይጎዳኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ የኢሲጂ ወረቀት በቀለም አይታተምም፤ ማሽኑ በሙቀት ነው የሚጽፍበት። ፀሐይ፣ ሙቀትና አንዳንዱ ፕላስቲክ ያጠፉታል። መታከምዎን አያስቀርም፣ ማወዳደሪያ ግን ያሳጣል። ግፊት ለዓመታት ሲቆይ የግራው የታችኛ ክፍል ግድግዳ ይወፍራል፤ በቪ1 ወደ ታች የወረደውን ጥልቀትና በቪ5 ወይም በቪ6 ወደ ላይ የወጣውን ሹል ደምረን ከ35 ሚሊ ሜትር ካለፈ ውፍረቱን እንጠረጥራለን። ኢሲጂው ያላየውን ኢኮ ሊያይ ይችላል፤ ግፊቱ ሲስተካከል ደግሞ ውፍረቱ ሊቀንስ ይችላል።

በሚቀጥለው ቀጠሮዎ አዲስ ይነሡ። ቀኑንና በዚያ ቀን የተለካዎትን ግፊት ጥግ ላይ ያስጽፉ፣ እዚያው ፎቶ ኮፒ ያድርጉት፣ ልጆችዎም በስልካቸው ፎቶ ያንሡት። ዋናውን በወረቀት ፖስታ ውስጥ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ያኑሩት።